የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

በአሁኑ ዘመን የሰፊው ሕዝብ ሰነድ የሚቀመጠው በቀበሌ መዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ብቻ አለመሆኑ ግልጽ ነው። በሬኮም ሆነ በዲላ ከተማ የሚኖር ቡና አምራች ወይም የቀን ሠራተኛ የመታወቂያውን ቅጂ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሲያስረክብ ወረቀቱ ሊመለስለት ይችላል፤ ምስሉ ግን በኮምፒውተር ውስጥ ይቀራል። ታዲያ የዚህን መዝገብ ቤት ቁልፍ የያዘው ማን ነው? ጥያቄውን ለባለሙያ ብቻ መተው መሠረታዊ ስሕተት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የሆነውን እንመልከት። ወርድፕሬስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ላይ ከሚቀጠሉት፣ ፕለጊን ከሚባሉት ፕሮግራሞች መካከል ስላይደር ሪቮሉሽን አንዱ ነው። ስሙ አብዮትን ያስታውስ እንጂ ተግባሩ ሥዕሎችን በገጹ ላይ እያፈራረቁ ከማሳየት ብዙም የሚያልፍ አልነበረም። ይኸው ፕሮግራም የተጠየቀው ፋይል በእርግጥ ሥዕል መሆኑን፣ ከተፈቀደለትም ማኅደር ውስጥ መገኘቱን አያጣራም ነበር። ስለሆነም ማንም ሰው በፋይሉ ስም ፊት ሁለት ነጥብና አንድ እዝባር በመጻፍ ብቻ ወደ ላይኛው ማኅደር ተሻግሮ፣ የዳታቤዙ የይለፍ ቃል የተጻፈበትን ፋይል ማውረድ ቻለ። ይህ ለእንግዳ ካላንደር እንዲያድል የተቀመጠ ተላላኪ፣ የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ ሲጠየቅ አንድም ቃል ሳይናገር አምጥቶ እንደ ማስረከብ ነው።

ጉድለቱን ያረመው እትም በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን አደጋው ለሕዝብ በግልጽ አልተነገረም። ይባስ ብሎም ፕለጊኑ ከሚሸጡ የገጽ ንድፎች ጋር ተጠቅልሎ ይቀርብ ስለነበር ብዙ ባለቤቶች በገጻቸው ውስጥ መኖሩን እንኳ አያውቁም ነበር። በዓመቱ መጨረሻ በዚሁ ፕለጊን ክፍተቶች በኩል በተካሄደ ዘመቻ ምክንያት ጉግል ከ11,000 በላይ ድረ ገጾችን በአደገኛነት መዘገበ።

በአገራችን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሚገባውን ሰው ይቀጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን ዳታ የያዘው ተቋም ራሱ ተገቢውን ጥበቃ እንዲያደርግ ያስገድዳል። የሁለተኛው ክብደት ገና በሚገባ የተጤነ አይመስለኝም። ሌባውን ማሳደድ ተገቢ ቢሆንም፣ «ገጹን የሠራው ኮንትራክተር ነው» እያለ እጁን የሚታጠብ ኃላፊ ከተጠያቂነት ሊያመልጥ አይገባም። ኮንትራክተሩ ክፍያውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ሰነዱ ግን እዚያው ነው።

ስለዚህ የመንደር ማኅበራት አባላትና ሠራተኞች በየስብሰባቸው ይህን አጥብቀው ይጠይቁ፦ የነዋሪው መታወቂያ ሥዕል ከሚታይበት የሕዝብ ገጽ ጋር በአንድ ማሽን ላይ ለምን ተቀመጠ? በገጹ ላይ የትኞቹ ፕለጊኖች ተቀጥለዋል? ከመካከላቸው የማያገለግሉት ለምን አልተነቀሉም? ውሉ ካለቀ በኋላ እድሳቱን የሚሠራው ሠራተኛ ማን እንደሆነም በጽሑፍ ይቅረብላቸው።