ርካሹ ሬንጅ ሮቨር የሚያስከፍለን

«ዕቁብ ወጣልኝ፣ ሬንጅ ልገዛ ነው» የሚለውን ወሬ በዚህ ዓመት ኢስሊ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሰማነው መቁጠር ትተናል። የማንንም ደስታ ልንቀንስ አይደለም የምንጽፈው። ሌሊት ተነስቶ፣ ሞያሌ ጉምሩክ ፀሐይ ላይ ውሎ፣ ጨርቅና ጫማ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ጥሩ መኪና ቢያምረው አይፈረድበትም። የእኛ ጥያቄ ስለ ሂሳቡ ነው። ከመካከላችን የንግድ ትምህርት የተማርን አለን፣ ትምህርቱን ገበያ ያስተማረንም አለን፤ ሁላችንም ሂሳቡን በየራሳችን ስንሠራው የምንደርሰው አንድ ቦታ ነው።

አሮጌ የቅንጦት መኪና ርካሽ የሚመስለን ከአዲሱ ዋጋው ጋር ስለምናወዳድረው ነው። ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው ዋጋው ወደ ሩብ ሊወርድ ይችላል። የመለዋወጫው ዋጋ ግን አብሮት አይወርድም። ቱርቦው፣ ካምቢዮው፣ የፊት መብራቱ ሳይቀር የተተመነው መኪናውን ከፋብሪካ እንደወጣ መግዛት ለሚችል ሰው ነው። እኛ በሩብ ዋጋ እንገዛውና በሙሉ ዋጋ እናስተዳድረዋለን።

ኬንያ ከስምንት ዓመት በላይ የሆነው ያገለገለ መኪና እንዲገባ አትፈቅድም። ሕጉ ለአገሪቱ ጥሩ ነው፤ ለእኛ ግን አንድ ነገር ያስከትላል። መሪው በቀኝ ስለሆነ ሬንጅ ሮቨሮቹ በብዛት የሚመጡት ከእንግሊዝ ነው፤ ዋጋቸው የሚቀምሰውም ወደ ስድስትና ሰባት ዓመት ሲጠጉ ነው። የእንግሊዙ ባለቤትም መኪናውን የሚሸጠው በዚያው ጊዜ ነው፤ ትልልቁ የጥገና ወጪ የሚጀምርበት ጊዜ ማለት ነው። እሱ ያመለጠው ወጪ በመርከብ ሞምባሳ ደርሶ እኛን ያገኘናል። ዩጋንዳ እስከ 15 ዓመት ስለምትፈቅድ ካምፓላ ያሉ ወንድሞቻችን ከዚያም ያረጀውን ያገኛሉ።

የሚበላሸውን በጥቂቱ እንናገር። አብዛኞቹ እነዚህ መኪኖች የሚቆሙት በብረት ሞላ ሳይሆን በአየር ከረጢት ነው። ከረጢቱ ጎማ ነው፤ ጎማ ደግሞ ባይነዳም በዕድሜው ይሰነጠቃል። አየር ማፍሰስ ሲጀምር ኮምፕሬሰሩ እረፍት አጥቶ ይሠራና እሱም ይቃጠላል፤ አንዱን ችላ ስትሉ ሁለት ትከፍላላችሁ ማለት ነው። የ3.0 ሊትር ናፍጣ ሞተራቸው ክራንክ ሻፍት ሲሰበር መታየቱን በሙያው ያሉ ሁሉ ያውቁታል፤ እንዲህ ከሆነ የሚጠገን ነገር ስለማይተርፍ ሌላ ሞተር ነው የሚፈለገው። ኪሪኛጋ ሮድም ሆነ ካምፓላ ኪሴካ ገበያ ያገለገለ ዕቃ ታገኛላችሁ፤ ችግሩ ያገኛችሁት ዕቃ ከሌላ የሞተ መኪና የወጣ መሆኑ ነው። ሰፈር ያለው ፉንዲም እጁ ጎበዝ ቢሆን እንኳ ኮምፒውተሩን የሚያነብ መሣሪያ ከሌለው የሚሠራው በግምት ነው፤ ግምቱ የሚከፈለው ከእናንተ ኪስ ነው።

አሁን ደግሞ መንገዱን አስቡት። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ነው፤ አስፋልት ከሆነ ወዲህ እግዚአብሔር ይመስገን ቀሏል። ማርሳቢት ላይ ላንድ ክሩዘር ቢበላሽ የሚያውቀው መካኒክ አይጠፋም። ሬንጅ ቢተኛ ግን ዕቃው ከናይሮቢ እስኪላክ ድረስ አልጋ ይዛችሁ ትጠብቃላችሁ፣ ሱቁም ተዘግቶ ይጠብቃችኋል።

ነዳጁን ወረቀት ላይ እናስቀምጠው። መስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ናይሮቢ ላይ ቤንዚን በሊትር ከ200 ሽልንግ ማለፉን ማንም አልረሳውም፤ ለስሌቱ ግን 180 ብለን እንያዝ። በወር 1,500 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው፣ ባለ ስምንት ሲሊንደሩ የቤንዚን ሞተር በከተማ መጨናነቅ በ100 ኪሎ ሜትር 18 ሊትር ቢበላበት፣ በወር 48,600 ሽልንግ ይከፍላል። 10 ሊትር የሚበላ ባለ አራት ሲሊንደር ቶዮታ 27,000 ይበቃዋል። ልዩነቱ በዓመት 259,200 ሽልንግ ነው፤ ይህም አንድ ብሎን ሳይፈታ፣ ጎማ ሳይቀየር፣ ኢንሹራንስ ሳይታሰብ።

ባሎቻችንና ወንድሞቻችን የሚያነሱት መልስ አለ፤ «መኪና ዱቤ ያመጣል» ይላሉ። ፈጽሞ ውሸት ነው አንልም። ሠርግ ላይ ወንበር ያስለቅቃል፤ አዲስ ሰውም ቶሎ ያምናችኋል። ነገር ግን የኢስሊ ጅምላ ሻጭ ሁለተኛውን ዱቤ የሚሰጠው የመጀመሪያው በቀኑ ሲከፈለው ነው፣ መስኮት ወጥቶ መኪና አይቆጥርም። ደግሞ የምናውቀው ቤት አለ፤ ካምቢዮው በተበላሸ ወር የሁለት ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ለጋራዥ ሄደ፣ ሞምባሳ የደረሰው ዕቃም የሚያወጣው ገንዘብ ጠፍቶ የመጋዘን ኪራይ ሲቆጥርበት ከረመ። መኪናው በር ላይ እንደቆመ ነበር። ያን ጊዜ ዱቤ ያመጣ አልነበረም፤ እናትየው ወርቋን ይዛ ነው የወጣችው።

በዕቃ ላይ ያለ ገንዘብ በዓመት ብዙ ጊዜ ይዞራል፤ ትንሽ ትንሽ ትርፍም ጥሎ ያልፋል። መኪና ላይ ያለው አይዞርም፣ የእርጅና ተቀናሹ ብቻ በየወሩ ይሠራል። አገር ቤት ልግባ ስትሉም ይዛችሁት አትሄዱም፤ መሪው በቀኝ ነው፣ ኢትዮጵያም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። ስለዚህ እዚሁ መሸጥ ግድ ነው፤ ገዢው ደግሞ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነው።

«ፕራዶም እኮ ውድ ነው» ለምትሉ፣ እውነት ነው፣ ውድ ነው። ነገር ግን ከጁባ እስከ ማርሳቢት የሚያውቀው መካኒክ አለ፣ ስትሸጡትም ገንዘባችሁን ብዙ አይበላም። ያም ከአቅም በላይ ከሆነ አነስ ያለ ቶዮታ አለ፤ ሸክሙን ፒክ አፕ ተከራይታችሁ ላኩት።

ሬንጅ ካልሆነ ለሚል ሰው ቢያንስ ይህን እንበል። መኪናውን ማታ ደረቅና ሜዳ ቦታ አቁማችሁ ከፍታውን በየጎማው ለኩ፤ ጠዋት ሞተሩን ሳታስነሱ መልሳችሁ ለኩ። አንዱ ጥግ ከወረደ ከረጢቱ ያፈሳል። ኮምፒውተሩን ከሻጩ ጋር በማይተዋወቅ ጋራዥ አስነብቡ። የአገልግሎት ደብተሩን ከእንግሊዝ ጀምሮ ጠይቁ፣ ደላላው «ጠፋ» ካለ ሌላ መኪና እዩ። ከመኪናው ዋጋ ሌላ ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና የሚሆን ገንዘብ፣ ከሱቁ ሂሳብ ተለይቶ፣ በሚስት ስም ይቀመጥ።