«አብሽሪ» ብቻውን አያድንም!

ሐራ የምትኖረው አክስቴን ወገቧን ካመማት አራት ዓመት አለፈ። ዕድሜዋን ሙሉ እንስራና ማገዶ ስትሸከም፣ ማሽላ ስታጭድ የኖረች ሴት ናት። መጀመሪያ ጎንበስ ስትል ብቻ ነበር የሚያማት። ዛሬ በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች፤ ሌሊት አትተኛም፤ ገበያ መውጣት ፈርታለች።

ሐኪም ቤት ወሰድናት፤ ራጅ ተነሣች። ሐኪሙ ፊልሙን አየና «ምንም የለባቸውም፤ ሐሳብ አብዝተው ነው» ብሎ ማስታገሻ ክኒን አዘዘ። ጎረቤቱም «አብሽሪ!» አለ። በቃ!

እንዴት ነው በቃ የሚባለው? ሕመሙ አልለቅ ስላላት እኮ ነው ሐሳብ ያበዛችው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሕመም ሥር ሰደደ ይባላል። የሕመም መልእክት ሌት ተቀን ሲጎርፍ ነርቩም አንጎሉም ንቁ ከመጠን በላይ ይሆናሉ፤ ጉዳቱ ከዳነ በኋላ እንኳ ደወሉ መጮኹን ላያቆም ይችላል። አደጋ የሚያሸተው አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል እንቅልፍ እንዳጣ ዘብ ይሆናል። «ተው፣ ተረጋጋ» የሚለው ከግንባር ኋላ ያለው ክፍል ደግሞ ይደክማል። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ይኸው ክፍል ሳስቶ መገኘቱን አሳይቷል። ጭንቀቱ በተራው ሕመሙን ያብሳል። በዚያ ላይ ወልድያና አካባቢዋ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት የገባበት አገር ነው፤ ዘቡ ድሮም አልተኛም።

ራጅ አጥንት ያሳያል፤ ይህን ግን አያሳይም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት የበሽታዎች መዝገብ ሥር የሰደደ ሕመም ራሱን የቻለ በሽታ ሆኖ ሰፍሯል። እኛ ጋ ገና «ሐሳብ» ነው!

ደግሞ ተስፋ አለው። ሕመሙ በደንብ ሲታከም የሳሳው ክፍል መልሶ ሲወፍር በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ታይቷል። ስለዚህ የምንጠይቀው ተአምር አይደለም። «የት ያምዎታል?» ያለ ሐኪም «እንቅልፍስ? ፍርሃትስ?» ብሎ ይጨምር። ቀስ በቀስ የሚያንቀሳቅሳት ባለሙያ ይኑር፤ ጭንቀቷም ከወገቧ እኩል ይታከም።

እኛስ? ከአዲስ አበባ ደውለን፣ ብር ልከን፣ «አብሽሪ» ብለን ስልኩን ዘጋን። «አብሽሪ» የወሎ ጌጥ ነው፤ አልጠላውም። ግን አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ ሕመሟን አምኖ ሲባል ነው የሚያምረው። በር መዝጊያ አናድርገው!