ስለ ልጃቸው የጠየቁኝ እናት

በዚህ ዐምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ጾም ወራት ማዕድ፥ ስለ አስኳላና ስለ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ግን በቤታችን ውስጥ ድምፅን ዝቅ አድርገንም እንኳ የማንናገረው ነው። እኔም ብዕሬን ካነሣሁ በኋላ ሁለት ጊዜ መልሼ አስቀምጫታለሁ። ዳሩ ግን ዝም የተባለ ነገር ሁሉ የሌለ ነገር አይደለምና፥ አንዲት እናት ከቅዳሴ በኋላ ይዘውልኝ የመጡትን ጥያቄ፥ ማንነታቸው እንዳይታወቅ አድርጌ በፈቃዳቸው እጽፈዋለሁ።

እኒህ እናት ባላቸው የሞቱባቸው፥ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ በስፌት መኪና ያሳደጉ ናቸው። የመጨረሻው ወንዱ ልጅ ዕድሜው 22 ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ፥ በመዝሙር ከበሮ የሚመታ፥ ጾም የማይሽር ልጅ ነው። አንድ ምሽት ራት ቀርቦ ሳለ፥ «እማዬ፥ ልቤ ወደ ሴት አያዘነብልም። ከልጅነቴ ጀምሮ ወደ ወንድ ነው። ብጾምም ብሰግድም አልተወኝም» አላቸው። እናትየው ከማዕዱ እጃቸውን አንሥተው ወደ ውጭ ወጡ። ሲመለሱ ልጁ ምግቡን ሳይነካ ተኝቶ አገኙት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ በአንድ ጣራ ሥር እንደማይተዋወቁ ተከራዮች ይኖሩ ጀመር።

«መምህር» አሉኝ፤ «ምን በድዬ ነው? አባት ሳይኖረው በማደጉ ነውን? ከሴቶች መካከል ስላሳደግሁት ነውን? ቶሎ ብድረውስ ይተወው ይሆን? ወይስ ለአጎቱ ነግሬ በግድም ቢሆን ጠበል ይውሰደው?»

መልሴን ከመጻፌ በፊት አንድ የራሴን በደል ልናዘዝ። ከብዙ ዓመታት በፊት አስተምረው የነበረ አንድ ተማሪ ይህንኑ ምስጢር ይዞ ወደ እኔ መጥቶ ነበር። እኔም ጆሮዬን ሳልከፍት አፌን ከፈትሁ፤ ምዕራፍና ቍጥር እየጠቀስሁ ገሠጽሁት። ልጁ እስክጨርስ ድረስ ዐንገቱን ደፍቶ አዳመጠኝና እጅ ነሥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ አላየሁትም። የጠየቀኝ «እግዚአብሔር ይጠላኛልን?» ብሎ ነበር። እኔ ግን ያልጠየቀኝን መለስሁለት። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ድረስ ይከነክነኛል፤ ለእኒህ እናትም በዝግታ የመለስሁላቸው ስለዚህ ነው።

እመይቴ፥ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። እናትን የሚከስስ ትምህርት በሌላው ዓለም ይሰጥ የነበረበት ጊዜ እርግጥ ነበር፤ ኧርቪንግ ቢበር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ1962 (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር እጽፋለሁ) ባሳተመው መጽሐፍ ከልጅዋ ጋር ከመጠን በላይ የተጣበቀች እናትንና ከልጁ የራቀ አባትን ምክንያት አድርጎ ነበር። ነገር ግን እርሱ የመረመራቸው ለሕክምና የመጡትን ብቻ ነበር። ከእርሱ አስቀድሞ በ1957 ኤቭሊን ሁከር የተባለች የሥነ ልቡና ምሁር ለሕክምና ያልመጡ 30 እንዲህ ያለ ዝንባሌ ያላቸውንና 30 የሌላቸውን ወንዶች ፈተነች፤ የፈተናውንም ወረቀት ለባለሙያዎች ብትሰጥ፥ የቱ የየትኛው ሰው እንደ ሆነ ለይተው ማወቅ አልቻሉም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1973 ይህን ዝንባሌ ከበሽታዎች መዝገብ አወጣው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ1990 እንዲሁ አደረገ። አንድ ነጠላ መነሻ ሊያገኙለት አልቻሉም፤ የእናት ጡትም የአባት መቃብርም እንዳላመጣው ግን ዛሬ ባለሙያዎቹ ይስማማሉ። ስለዚህ ይህን ሸክም ከትከሻዎ ያውርዱ፤ ሌላ የሚሸከሙት አለና።

ስለ መዳሩ የጠየቁኝን እናቶች ሁሉ ያስቡታል፤ አጎቶችም ይመክሩታል። «ሚስት ስታቅፍ ይተወዋል» ይባላል። እኔም በምላሹ አንድ ነገር ጠየቅኋቸው፤ ሙሽራይቱ የማን ልጅ ናት? ይህን ስል ዝም አሉ። ሁለት ሴቶች ልጆች አሉዎት፤ አንደኛዋን ድረዋል፤ ሁለተኛዋ ገና ናት። ለዚህችኛዋ ልብ የሌለው ባል፥ ሌሊት ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞር ባል፥ «ምን ጐደለኝ?» እያለች በመስተዋት ፊት የምታለቅስበትን ትዳር ይመኙላታልን? ተክሊል ምስጢር ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። ካህኑ አክሊሉን በራሳቸው ላይ ሲደፋ በሁለቱ መካከል እውነት አለ ብሎ ነው። አንድ ልጅ ለማዳን ሁለት ልጆችን መስበር፥ ሦስተኛም ሕፃን ከወለዱ እርሱን ጨምሮ መስበር ነው። ስለዚህ ነገር በከተማችን ውስጥ የተበተኑ ትዳሮች አሉ፤ ምክንያታቸው ግን በሽምግልና ላይ አይነገርም፤ ሴቲቱ «መካን ናት» ወይም «ጠባይ የላትም» ተብላ ትመለሳለች።

ጠበልን በሚመለከት፥ እኔ ራሴ የዳንሁበት ጊዜ ስላለ አላቃልለውም። በፈቃዱ የሚሄድ ሰው በረከት ያገኝበታል፤ ልጅዎም ሰላምን ለመለመን ልሂድ ቢል አብረውት ይሂዱ። በአጎቱ ጡንቻ ተይዞ ቢወሰድ ግን ከጠበሉ የሚማረው የአጎቱን ጡንቻ ብቻ ነው። ደግሞም በግድ የመለወጥን መንገድ ከእኛ በፊት ብዙ ገንዘብና ብዙ ጸሎት አፍስሰው የሞከሩ ክርስቲያኖች አሉና፥ የሆነውን መስማት ይገባናል።

በአሜሪካ ሀገር በ1976 «ኤክሶደስ ኢንተርናሽናል» የተባለ የክርስቲያኖች ድርጅት ተመሠረተ። ስሙ የእኛው «ዘጸአት» ነው፤ እስራኤል ከግብፅ እንደ ወጣ ከዚህ ዝንባሌ እናወጣለን የሚል ተስፋ ያሰማል። በክርስቲያን ቤት ያደጉ፥ ወላጆቻቸውን ማሳዘን ያልፈለጉ ወጣቶች በብዛት ወደ እርሱ ሄዱ። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ማይክል ባሲ ግን በ1979 ተለይቶ ወጣ፤ በ2007 በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። የድርጅቱ የኋለኛው ፕሬዚዳንት አለን ቼምበርስ ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው ነው፤ እርሱም በ2012 ካገኛቸው ሰዎች 99.9 በመቶው ዝንባሌያቸው እንዳልተለወጠ ተናገረ፤ የራሱም እንዳልጠፋ አልደበቀም። በ2013 ድርጅቱ ስላደረሰው ጕዳት ይቅርታ ጠይቆ ከ37 ዓመት በኋላ ተዘጋ። ሮበርት ስፒትዘር የተባለው ሐኪምም በ2001 ሁለት መቶ ሰዎችን በስልክ ጠይቆ «መለወጥ የሚቻላቸው አሉ» ብሎ ነበር፤ በ2012 ግን ማስረጃው እንደማይበቃ አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። እነዚህ ሰዎች ተሸንፈናል ለማለት ወኔ ስላገኙ እኔ አከብራቸዋለሁ። እኛስ የእነርሱን ስሕተት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረን መድገም ለምን ያስፈልገናል?

«እንግዲያው ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረውን ልተወው ነውን?» አሉኝ እናትየው በቍጣ። አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ጋብቻን የምትባርከው በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት መካከል ነው፤ ይህን የሚለውጥ ቃል ከእኔ አይወጣም። በሌላ ሀገር፥ ለምሳሌ የስዊድን ቤተ ክርስቲያን ከ2009 ጀምሮ የእንዲህ ያሉ ሰዎችን ጋብቻ ትፈጽማለች፤ የእኛይቱ በዚያ መንገድ አልሄደችም። ይህን ሁሉ ልጅዎ ያውቃል። የኦሪት ዘሌዋውያንን ምዕራፍ 18 ከእርስዎ ይልቅ እርሱ በቃሉ ያውቀዋል፤ ጕባኤ ላይ ቁጭ ብሎ ተምሮታል። እርሱ የነገረዎ ይህን ሁሉ እያወቀ ነው፤ በየማታው ቢያነቡለት የሚጨምሩለት ዕውቀት የለም። ያልሰማው ነገር እናቱ እናቱ ሆና መቅረቷን ነው።

ደግሞ በዚህ ጉዳይ የምንጠራበት ቃል አንድ ስለ ሆነ ብዙ ነገር ይምታታብናል። «ግብረ ሰዶም» የሚለው ስም እንደ ቃሉ ግብር፥ ማለትም ድርጊት ነው። የልጁ ነገር ግን ያልጠራው፥ ያልፈቀደውና ሊያባርረው የታገለው የልብ ዝንባሌ ነው። ሳይጠሩት የሚመጣ ሐሳብና ፈቅደው የሚያሳድሩት ሐሳብ አንድ እንዳልሆኑ የመጽሐፈ መነኮሳት አባቶች በብርቱ ጥንቃቄ ለይተው አስተምረዋል፤ ያንንም ያስተማሩት በበረሃ ውስጥ ለሚታገሉ ሰዎች ነው። የሰዶምን ነገር ካነሣንም፥ ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 16 የሰዶምን ኀጢአት ሲዘረዝር ትዕቢትን፥ ጥጋብንና የድኻን እጅ አለማበርታትን ያስቀድማል። ይህን ምዕራፍ በሠርግ ቤት ሲጠቀስ ሰምቼ አላውቅም።

ስለ ጃንደረባው ደግሞ ላስታውሳቸው ወደድሁ። በዘዳግም ምዕራፍ 23 ጃንደረባ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 56 ግን ለጃንደረቦች በቤቱ ውስጥ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም ተስፋ ተሰጣቸው ይላል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ደግሞ የእኛው ሰው፥ የንግሥት ሕንደኬ ባለሟል፥ ኢሳይያስን በሠረገላ እያነበበ ሄደ፤ ፊልጶስም ወደ ሠረገላው ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ውኃ ባገኙም ጊዜ አጠመቀው። የእኛ ክርስትና መነሻው ይህ ሰው ነው ብለን እንመካለን። የጃንደረባውና የልጅዎ ነገር አንድ ነው አላልሁም፤ አይደለምም። ነገር ግን ፊልጶስ መጀመሪያ ያደረገው ወጥቶ አጠገቡ መቀመጥ ነበር።

እውነቱን ለመናገር፥ ከዚህ በኋላ ያለው የልጁ መንገድ ከባድ ነው፤ ቀላል ነው ብዬ አላባበልኋቸውም። ቤተ ክርስቲያን ብቻውን በንጽሕና እንዲኖር ትጠይቀዋለች። ለመነኵሴ ይህን ስትጠይቅ ግን ገዳምና ወንድሞች፥ ሥርዓትና አበ ምኔት ትሰጠዋለች። ለከተማው ወጣት የምንሰጠው ምንድን ነው? የፋሲካ ለት ማን ቤት ይፈስካል? ሲታመም ማን ሾርባ ይዞለት ይመጣል? ከባድ ሸክም እያሸከምን ቤታችንን የምንዘጋ ከሆነ፥ በእኔ አስተያየት የምናስተምረው ንጽሕናን ሳይሆን ብቸኝነትን ነው። ለዚህ የተሟላ መልስ አለኝ አልልም፤ ጥያቄው ግን በየቤተ ሰቡ መጠየቅ አለበት።

ለአጎቱ እንዳይነግሩ ግን አጥብቄ መከርኋቸው። ምስጢሩ የልጁ ነው፤ ሊነግር የፈለገው ለእናቱ ነበር። ከቤት የወጣ ወሬ ሰፈር ይደርሳል፤ ከሰፈርም በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ የለም። የ1996 ዓ.ም. (ይህ እንደ እኛ አቈጣጠር ነው) የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 629 የሚቀጣው ድርጊትን ነው፤ የልብ ዝንባሌን የሚዳኝ አንቀጽ የለውም። የሰፈር ሰው ግን ይህን ልዩነት አይጠይቅም። የሚነግሩት ቢያስፈልግ የንስሐ አባት አለ፤ እርሱም የሰማውን ሊያወጣ የማይገባው ነው፤ ልጁ ራሱ ፈቅዶ ይሂድ እንጂ ተጐትቶ አይሂድ።

በመጨረሻም አንድ ቍጥር ነገርኋቸው፤ ቍጥር ለእናት ልብ ምን ያደርጋል ብዬ ሳመነታ ቈይቼ ነው። በካሊፎርንያ የሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2009 ባሳተሙት ጥናት፥ በዚህ ዝንባሌያቸው ምክንያት ቤተ ሰቦቻቸው አብዝተው የገፏቸው ወጣቶች ካልተገፉት ይልቅ 8.4 እጥፍ ያህል ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው ተገኝተዋል። ተመራማሪዎቹ መግፋት ያሉት ከቤት ማስወጣትን ብቻ አይደለም፤ ስድብንና መደብደብን፥ ከቤተ ሰብ ጕዳይ ማግለልንም ይጨምራል። ይህን ስል እናትየው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። «ሦስት ሳምንት ሆነው ካላነጋገርሁት» አሉኝ።

«ዛሬ ማታ ምን ልበለው?» ብለው ጠየቁኝ። ብዙ እንዳይናገሩ፥ ራት ብቻ አቅርበው «ና ብላ» እንዲሉት፥ እርሱም ቢናገር እንዲሰሙት ነገርኋቸው።

በሚቀጥለው እሑድ በደጀ ሰላሙ አጠገብ አገኘኋቸው። ልጁ ከመዘምራኑ ጋር ቆሞ ነበር፤ ከበሮውን ግን ሌላ ሰው ይዞታል። እናትየው ወደ እኔ ቀረብ ብለው፥ «ሽሮ ሠርቼ ጠራሁት» አሉኝ፤ «መጥቶ ተቀመጠ። አንድ ጊዜ ቈረሰና፥ ‹እማዬ፥ ጨው በዝቶበታል› አለኝ።»