ፎቶግራፉን ክብ ከማድረጋችሁ በፊት



በየቤታችን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው፣ በየሣጥናችንም ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠው ዕቃ ሁሉ ቢጠፋ ገንዘብ የማይመልሰው ፎቶግራፍ ነው። ብርጭቆ ቢሰበር ይገዛል፤ ነጠላ ቢያልቅ ሌላ ይሸመናል። ያረፈች እናት ወይም በሕፃንነቱ የተቀጨ ልጅ ግን ዳግመኛ ፎቶግራፍ አይነሣም። በዚህም ምክንያት በዛሬው ዓምዳችን ብዙዎቻችሁ በየጊዜው ስለምትሠሩት፣ ነገር ግን ቆም ብላችሁ ስለማታስቡበት አንድ ትንሽ ሥራ እንነጋገራለን። ይኸውም ፎቶግራፍን በኮምፒውተር ወይም በእጅ ስልክ ክብ አድርጎ መቁረጥ ነው።

ፎቶግራፍን መቁረጥ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ለመታወቂያ የምንነሣውን «ጉርድ ፎቶግራፍ» የምንለው ከደረት በታች ያለው ተጎርዶ ስለሚቀር ነው። ክብ ቅርጹም ቢሆን የቆየ ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን እ.ኤ.አ. በ1888 ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው የኮዳክ ካሜራ የሚያነሣው ፎቶግራፍ ራሱ ክብ ነበር። ስፋቱም 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፣ በአንድ ጥቅል ፊልም 100 ፎቶግራፎች ይነሡበት ነበር። ክብ የሆነበት አንዱ ምክንያት የካሜራው መስተዋት በማዕዘኖቹ በኩል ጥርት አድርጎ ስለማያሳይ ነበር። እንግዲህ ያን ጊዜ ዳሩ የሚቆረጠው ስለማይረባ ነው። የእኛ የቤተሰብ ፎቶግራፎች ዳር ግን እንደዚያ እንዳይመስላችሁ።

ለዚህም አንድ የደረሰ ነገር ላጫውታችሁ።

አክስቴ የሚኖሩት ጎባ ነው። ጎባ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ለጉዳይ ወደ ከተማ የወጣ ሰው ፎቶ ቤት ጎራ ሳይል አይመለስም ነበር ይላሉ። እሳቸውም በ1969 ዓ.ም. የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው፣ የ6 ወር ወንድ ልጃቸውን ታቅፈው በወንበር ላይ ተቀመጡ። የ4 ዓመት ሴት ልጃቸው ደግሞ በስተቀኛቸው ቆማ የነጠላቸውን ጫፍ ያዘችና ሦስቱም አብረው ተነሡ። ፎቶግራፉ ታጥቦ ሲደርስ አክስቴ ከገበያ የገዙትን ክብ የእንጨት ፍሬም ይዘው ሄደው «በዚህ ልክ ይሁንልኝ» አሉ። ባለሙያው ፍሬሙን በፎቶግራፉ ላይ ደፍቶ ዙሪያውን በእርሳስ አሰመረና በመቀስ ቆረጠው። እናትና ሕፃኑ መካከል ላይ ደህና ሆነው ገቡ። ዳር የቆመችው ልጅ ግን ከክቡ ውጪ ቀረች። «እሷን ሌላ ጊዜ ለብቻዋ እናስነሣታለን» ተባለ።

ሌላ ጊዜ አልመጣም። በተከታዩ ዓመት ልጅቱ በኩፍኝ ሞተች። ቁራጩ ወረቀት ከፎቶ ቤቱ ወለል ላይ ከተጠረገ ቆይቷል፤ አክስቴ ተመልሰው ቢጠይቁም ኔጋቲቩ አልተገኘም። ከልጅቱ የቀረው በክቡ ጠርዝ ላይ የነጠላውን ጫፍ የያዙት አራት ጣቶቿ ብቻ ናቸው።

ባለፈው ዓመት በሮቤ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የልጅ ልጃቸው ያንን ፎቶግራፍ አድሶ ለማሳተም አሰበ። ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ቅዳሜ መጥቶ ፎቶግራፉን በስልኩ ቀዳ፤ በኮምፒውተሩም ፊታቸው ጎልቶ እንዲታይ ክቡን ጠበብ አድርጎ ቆረጠው።

«ይኸው እማማ፣ ቆንጆ አድርጌ ሠራሁልዎ» ብሎ አሳያቸው።

አክስቴ መነጽራቸውን አድርገው ትክ ብለው አዩት። «ጣቶቿስ?» አሉ።

«የማን ጣቶች?»

«የአክስትህ ናቸዋ!»

ልጁ ጠርዙ ላይ ያለውን ነገር የወረቀት ብልሽት መስሎት ነበር። ደግነቱ የቆረጠው ቅጂውን እንጂ ዋናውን ስላልነበረ፣ ዋናውን እንደገና ከፍቶ ክቡን እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ አሰፋው። የአክስቴ ፊት አነስ አለ፤ አራቱ ጣቶች ግን ገቡ። እሳቸውም ስለ ፊታቸው ማነስ አንድም ቃል አልተናገሩም። ልጁ ሊያስደስታቸው ፈልጎ፣ በአሁኑ ጊዜ የጎደለውን ሥዕል ከራሳቸው ፈጥረው የሚሞሉ ፕሮግራሞች መኖራቸውንና ልጅቱንም ቆማ ሊያሳዩዋት እንደሚችሉ ነገራቸው። አክስቴም «የማላውቃትን ልጅ ሥለህ ምን ልትፈይድልኝ?» ብለው መለሱለት። እውነታቸውን ነው። እንዲህ ያለው ፕሮግራም የሚያወጣው ፊት የማንም ሊሆን ይችላል፤ የእሷ ግን አይደለም።

ክቡ ምን ያህል ያስቀራል?

እኅቶች፣ ጉዳዩን በቁጥር ብንመለከተው ይበልጥ ይገባናል። በየፎቶ ቤቱ የተለመደውን 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶግራፍ እንውሰድ። ከእሱ ሊወጣ የሚችለው ትልቁ ክብ የጎኑ ስፋት 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ ክብ ከጠቅላላው ፎቶግራፍ ከ100 እጅ 52 ያህሉን ብቻ ይይዛል፤ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ክፍል ይቆረጣል ማለት ነው። አራቱም ጎኑ እኩል ከሆነ ፎቶግራፍ እንኳ ከ100 እጅ 21 ከግማሽ ያህሉ በማዕዘኖቹ በኩል ይቀራል። በቤተሰብ ፎቶግራፍ ደግሞ ዳር የሚቆሙት ብዙውን ጊዜ ልጆች፣ የቤት ሠራተኞችና እንግዶች መሆናቸውን አስታውሱ። ለእነሱ ያ ፎቶግራፍ ምናልባት ብቸኛው ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከመቁረጣችሁ በፊት ፎቶግራፉን በቤት ውስጥ ላሉት ታላላቆች አሳዩአቸው። ዳር ያለው ማን እንደሆነ፣ መቼና የት እንደተነሡ ጠይቃችሁ ጻፉት።

አሠራሩ

አንደኛ፣ ፎቶግራፉን ቅዱት። የወረቀት ፎቶግራፍ ከሆነ ስካነር ያለው ቦታ ወስዳችሁ በ600 ነጥብ እንዲቀዳላችሁ ጠይቁ። በ600 የተቀዳ ፎቶግራፍ በ300 ሲታተም ሳይደበዝዝ ሁለት እጥፍ ያድጋል። ስካነር ካልተገኘ በመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ቦታ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አስቀምጡት። የስልኩን መስተዋት በንጹሕ ጨርቅ ወልውላችሁ፣ ፍላሹን አጥፍታችሁ ከላይ ቀጥ ብላችሁ አንሡት።

ሁለተኛ፣ አባዙት። አንዱን «ዋናው»፣ ሁለተኛውን «ክብ» ብላችሁ ሰይሙና የምትሠሩት በሁለተኛው ላይ ብቻ ይሁን። ሥራው ሲያልቅ በዋናው ስም ከተቀመጠ ኮምፒውተሩም እንደ መቀሱ ነው፤ ዳሩን ጠርጎ ይጥለዋል።

ሦስተኛ፣ ክቡን አስምሩ። ለዚህ ሥራ በየፎቶ ቤቱ የታወቀው ፎቶሾፕ ሲሆን፣ ጂምፕ የሚባለው ደግሞ ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው። በሁለቱም ውስጥ ሞላላ ቅርጽ ያለውን መምረጫ ትወስዱና መጎተት ከጀመራችሁ በኋላ «ሺፍት» የተባለውን ቁልፍ ስትጫኑ ሞላላው ልክ ክብ ይሆናል። መምረጫውን እያንቀሳቀሳችሁ ማን እንደገባና ማን እንደቀረ አረጋግጡ። ከዚያም ምርጫውን ገልብጣችሁ፣ ማለትም ከክቡ ውጪ ያለው እንዲመረጥ አድርጋችሁ አጥፉት። በፎቶሾፕ የምትሠሩ ከሆነ ከማጥፋት ይልቅ «ማስክ» በሚባለው መሸፈን ይሻላል፤ የተሸፈነው ሐሳብ ሲለወጥ ተመልሶ ይገለጣልና።

አራተኛ፣ አቀማመጡን ዕወቁ። ክቡን ቆርጣችሁ በጄፔግ ዓይነት ካስቀመጣችሁት ጄፔግ ባዶ ቦታን ስለማያውቅ ማዕዘኖቹ ብዙውን ጊዜ ነጭ ሆነው ይመጣሉ። የጥሪ ካርድ ወይም ባነር ላይ ስታሳርፉት በክቡ ዙሪያ ነጭ ሣጥን የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። በፒ ኤን ጂ ዓይነት ብታስቀምጡት ግን ባዶው ባዶ ሆኖ ይቀርና ከሥሩ ያለው ቀለም ይታያል። በጂምፕ ደግሞ ከማጥፋታችሁ በፊት «አልፋ ቻነል» የሚባለውን መጨመር እንዳትረሱ።

ለቴሌግራም መለያ ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም። አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ፎቶግራፍ ብትሰጡት ቴሌግራም ራሱ ክብ አድርጎ ያሳየዋል። የእናንተ ድርሻ ፊቱን መካከል ላይ ማድረግና ከራስ በላይ ጥቂት ቦታ መተው ነው።

በቢሮ ለምትሠሩ እኅቶች

ብዙዎቻችሁ በማይክሮሶፍት ወርድ ስለምትጽፉ እዚያው ፎቶግራፍን በክብ ቅርጽ መቁረጥ ትችላላችሁ። በመቁረጫው ሥር ቅርጽ የሚመረጥበት ቦታ አለ፤ ሞላላውን መርጣችሁ የጎኖቹን ልክ 1 ለ1 ስታደርጉት ክብ ይሆናል። ሆኖም አንድ ነገር ልብ በሉ። ወርድ የተቆረጠውን ክፍል ይደብቀዋል እንጂ ወዲያውኑ አያጠፋውም። ይህ በአንድ በኩል ጥሩ ነው፤ ሐሳባችሁን ብትለውጡ ዳሩን መመለስ ትችላላችሁ። በሌላ በኩል ግን ሰው እንዳያየው ብላችሁ የቆረጣችሁትን የልጃችሁን ገላ ወይም የቤታችሁን ጓዳ ጽሑፉ የደረሰው ሰው ሊገልጠው ይችላል። ለሌላ ሰው ስትልኩ በቅድሚያ የተቆረጠውን ክፍል ለይቶ የሚያጠፋውን ትእዛዝ ተጠቀሙ፤ ወይም ክቡን ብቻ እንደ ሥዕል አስቀምጣችሁ ላኩ።

በውጭ አገር ላለ ዘመድ የቤተሰብ ፎቶግራፍ በቴሌግራም ስትልኩም «በፋይል» መላክን ልመዱ። እንደ ተራ ፎቶግራፍ ሲላክ መጠኑ ስለሚቀነስ ጥራቱ ይጎድላል፤ በፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል።

የወረቀቱን ፎቶግራፍ አትጣሉ

«አሁንማ በስልኬ አለ» ብሎ የወረቀቱን ፎቶግራፍ ችላ ማለት የዘመኑ ስሕተት ነው። ስልክ ይሰረቃል፤ ውኃ ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ ቅጂው ቢያንስ በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ የወረቀቱም ፎቶግራፍ ይጠበቅ። ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር፣ ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያሉ ብርዳም ከተሞች ናቸው። በእንዲህ ያለው ደጋ ጉሙና ዝናቡ ሲበዛ ቤቱ ይርሳል። በፎቶግራፉ ፊት ላይ ያለው ስስ የጄላቲን ሽፋን እርጥበት ሲያገኘው ይለሰልስና ከመስተዋቱ ጋር ይጣበቃል። ይህ እንዳይሆን በፎቶግራፉና በመስተዋቱ መካከል በዙሪያው ቀጭን የካርቶን ጠርዝ አድርጉ። ጢስ ከሚደርስበትና ፀሐይ ከሚያርፍበት ግድግዳም አርቁት። ቀድሞ የተጣበቀ ካለ በጥፍር ወይም በቢላዋ ለማላቀቅ አትታገሉ። ከነመስተዋቱ አንሡት፤ የመስተዋቱ ነጸብራቅ ካስቸገራችሁ ከስልኩ በስተኋላ ጥቁር ጨርቅ ዘርግታችሁ ሞክሩ።

አክስቴ አዲሱን ፎቶግራፍ ሳሎናቸው ሰቅለውታል። አሮጌውም ከነክብ ፍሬሙ መኝታ ቤታቸው ነው። እንግዳ ሲመጣ እሳቸው ሳይሆኑ የልጅ ልጃቸው ነው ወደ ጠርዙ እየጠቆመ ጣቶቹ የማን እንደሆኑ የሚናገረው። ከታናናሾቿ ልጆች መካከል የልጅቱን ስም ከእሱ በፊት የሚያውቅ አልነበረም።

በመጪው እሑድ የቤታችሁን ፎቶግራፎች አውጥታችሁ፣ ዳር ዳሩ ላይ የቆሙት እነማን እንደሆኑ ከእናቶቻችሁና ከአያቶቻችሁ ጠይቁ። ስማቸውንም በፎቶግራፉ ጀርባ ላይ በእርሳስ በቀስታ ጻፉ። ክቡ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

እስከ ሳምንት ደኅና ሁኑ።