ስሙን ባያውቀውም ይቁም

ነጂ የሌለው መኪና ወሬ ብቻ የነበረበት ዘመን አልፏል። በአሜሪካ በአንዳንድ ከተሞች ዛሬ እንዲህ ያለው መኪና መንገደኛ አሳፍሮ ይሄዳል። የሥልጣኔ ሥራ የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን ማመስገን ብቻ ሳይሆን መመርመርም የሚገባን ይመስለናል።

ለዚህ አንድ ያለፈ ነገር እናስታውስ። መጋቢት 9 ቀን 2010 ዓ.ም. ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ በአሪዞና ግዛት በቴምፒ ከተማ፣ አንዲት ሴት ብስክሌቷን እየገፋች የእግረኛ ማቋረጫ በሌለበት ሥፍራ ሰፊውን መንገድ ታቋርጥ ነበር። ኡበር የተባለው ኩባንያ ይሞክረው የነበረው በራሱ የሚነዳ መኪና ገጫት፤ ሕይወቷም አለፈ።

ነገሩን የመረመረው የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2012 ዓ.ም. ያስታወቀው ውጤት ብዙ የሚያስተምር ነው። መኪናው ማየት አልተሳነውም። ከመግጨቱ 5.6 ሰኮንድ አስቀድሞ፣ ማለት 100 ሜትር ያህል ርቆ ሳለ፣ አይቷታል። የቸገረው ላየው ነገር ስም መስጠቱ ነበር። አንድ ጊዜ መኪና ነው አለ፤ አንድ ጊዜ ሌላ ነገር፤ አንድ ጊዜ ብስክሌት። ስሙን በለወጠ ቁጥር ነገሩ ከየት ወዴት ሲሄድ እንደነበረ ይረሳ ነበር። የሠሩትም ሰዎች እግረኛ ከማቋረጫ ውጭ ይሻገራል ብለው አላሰቡለትም። አደጋውን ለይቶ ባወቀ ጊዜ የቀረው 1.2 ሰኮንድ ነበር፤ በከንቱ ፍሬን እንዳይዝ በተሰጠው ትእዛዝ መሠረት ከዚያችው ላይ 1 ሰኮንዱን በመጠበቅ አሳለፈ። እንድትቆጣጠር የተቀመጠችው ሴትም ዓይኗን ከመንገዱ አንሥታ ስልክ ትመለከት ነበር።

ያልታሰበ ነገር በየአገሩ ልዩ ልዩ ነው። በስዊድን ትላልቅ አራዊትን እንዲለይ የተሠራውን የቮልቮ መሣሪያ በአውስትራሊያ ካንጋሩ ግራ እንዳጋባው በ2009 ዓ.ም. ከኩባንያው በኩል ተነግሯል። መሣሪያው ርቀትን የሚገምተው መሬቱን መነሻ አድርጎ ስለሆነ፣ እንስሳው ሲዘል የራቀ፣ ሲያርፍ የቀረበ ይመስለዋል። እንግዲህ ጭድ ተጭኖ መላ ሰውነቱ የተሸፈነውን የእኛን አገር አህያ ቢያይ ምን ይለው ይሆን?

እኛ እንደሚመስለን፣ ስም መስጠትን ከጥንቃቄ ማስቀደም አይገባም። ካሜራው፣ ራዳሩና የሌዘር ጨረሩ በመንገዱ ላይ ቦታ የያዘ ነገር መኖሩን ካመለከቱ፣ አህያም ይሁን ድንጋይ፣ መኪናው ፍጥነቱን መቀነስ አለበት። እርግጥ ነው፣ ነፋስ ላነሣው ፌስታል ሁሉ ድንገት የሚቆም መኪና ከኋላው በሚመጣው ይገጫል፤ መሐንዲሶቹም የፈሩት በከንቱ መቆሙን ነበር። ነገር ግን ከሩቅ ተጠራጥሮ ቀስ ማለት ድንገት ከመቆም ይለያል፤ ቀስ ያለ ለመለየትም ለመቆምም ጊዜ ያገኛል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለመኪናም ይሠራል።

ስለዚህ ኮምፒዩተር የምታጠኑ ተማሪዎች፣ መሣሪያው ማወቅን ብቻ ሳይሆን አለማወቁንም እንዲያውቅ አስተምሩት። እናንተም ወጣት ሹማምንት፣ የእንዲህ ያለው መኪና ፈቃድ አንድ ቀን በጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ ብላችሁ ብቻ አትለፉት፤ አይቶት የማያውቀው ነገር ሲገጥመው ምን እንደሚያደርግ ጠይቁ። የመንገደኛው ሕይወት ያለው በዚያ መልስ ላይ ነው።