ወረርሽኙ የገለጠው ክፍተት፦ የማሕፀን በር ካንሰርና መሠረታዊ የጤና አገልግሎት

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ 19 ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ከተገለጸ በኋላ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በጉባ ወረዳ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሥራ አልቆመም። በሐምሌ ወር 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የውኃ ሙሌት ተከናወነ። ከደመወዙ ቀንሶ ቦንድ የገዛው ሠራተኛ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅ የደስታው ተካፋይ መሆኑ የሚገባው ነው። ይሁንና በዚያ የወረርሽኝ ዘመን ያልቆመውን ስናወሳ፣ የቆመውስ ምን ነበር ብለን መጠየቅ ይኖርብናል።

የዓለም ጤና ድርጅት በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው የ105 አገሮች ጥናት መሠረት፣ ዘጠና ከመቶ የሚሆኑት አገሮች መሠረታዊ የጤና አገልግሎታቸው ተስተጓጉሎባቸው ነበር። የካንሰር ምርመራና ሕክምና ከግማሽ በሚበልጡት ተናግቷል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ምክንያቱ የሐኪሞች ማነስ ብቻ አይደለም። ኮቪድ የያዘው ሰው ያስላል፣ ይተኩሳል፣ ቁጥሩም በየምሽቱ በቴሌቪዥን ይነገራል። በማሕፀን በር ላይ የሚጀምረው ቁስለት ግን ለዓመታት አያምም። ሕመም የሌለው በሽታ ደግሞ አቤት ባይ የለውም። «በጠና ካልታመማችሁ ወደ ጤና ጣቢያ አትምጡ» በሚባልበት ሰዓት፣ ቀድሞ የሚደረገው ምርመራ የተዘጋጀው በትክክል ላልታመመችው ሴት ነበር። መሠረታዊው ቅራኔ እዚህ ላይ ነው።

የማሕፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ነው። ወረርሽኙ በገባበት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 604 ሺህ ያህል ሴቶች ሲያዙ፣ 342 ሺህ ያህሉ ሞተዋል። ከሟቾቹም ዘጠኝ እጁ የዝቅተኛና የመካከለኛ ገቢ አገሮች ሴቶች ናቸው። መንስኤው ሂዩማን ፓፒሎማ የተባለ በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ ቫይረስ ሲሆን፣ ወንዱም ሳያውቀው ይሸከመዋል፤ ስለዚህ በታመመችው ሴት ላይ የሚሰነዘረው ሐሜት ከድንቁርና የመነጨ ነው። ቫይረሱ ሳይወገድ ከቆየ ቁስለቱ ወደ ካንሰር እስኪለወጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ከኤች አይ ቪ ጋር በሚኖሩ ሴቶች ላይ ግን ጊዜው ያጥራል፤ የመያዙም ዕድል ስድስት እጥፍ ነው።

እንግዲህ ይህን ያህል ረጅም ፋታ የሚሰጥ ገዳይ ጥቂት ነው። ምርመራውም ቢሆን የሚያስፈራ አይደለም። በየቤታችን አቼቶ የምንለው ነገር ውስጥ ያለው አሲድ በውኃ ቀጥኖ የማሕፀኑ በር ይቀባል፤ አንድ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፤ የተለወጠ ሥፍራ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። የሠለጠነች ነርስ ወይም አዋላጅ ትበቃለች። ቁስለቱ ለሕክምናው አመቺ ከሆነም በዚያው ቀን በማቀዝቀዣ ወይም በሙቀት መሣሪያ ሊወገድ ይችላል። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 የሆኑ ሴቶች ሳያማቸው ሊታዩ የሚገባቸው ስለዚህ ነው።

ይህ ሲታለፍስ? የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የሚገኘው በአዲስ አበባ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከአሶሳ እስከዚያ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የአንድ ደቂቃ ምርመራ የቀረባት እናት፣ ልጆቿን ለጎረቤት ትታ፣ ከብቷን ሸጣ፣ ለወራት ወረፋ ለመጠበቅ ትጓዛለች። በመተከል ደግሞ በ2013 ዓ.ም. በግጭት የተፈናቀለው ሕዝብ መንደሩን ብቻ ሳይሆን የሚያውቀውን ጤና ኬላም ጥሎ ነው የወጣው። ወረርሽኝና መፈናቀል በአንድ ዓመት ሲደራረቡ፣ ያላመማትን ሴት ማን አስታወሳት?

በወረርሽኝ ጊዜ ሌላውን ሥራ ማከናወን አይቻልም የሚለው አባባል ግን ተቀባይነት የለውም። በዚያው በ2012 ዓ.ም. ክረምት፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ፣ ርቀት ተጠብቆ፣ ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት ተሰጥቷቸዋል። የተቻለው ቀድሞ የተዘረጋ መረብ ስለ ነበረ ነው። ይህ መረብ ትናንት የተጀመረ አይደለም፤ በ1971 ዓ.ም. መባቻ በአልማ አታ የመሠረታዊ ጤና አጠባበቅ መግለጫ በወጣበት ዘመን፣ የገበሬ ማኅበራት ከመካከላቸው የጤና ወኪሎችን እየመረጡ ያሠለጥኑ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በአንድ ጤና ኬላ ሁለት ሠራተኞችን መድቧል። እነዚህ እኅቶች ምርመራውን ባያደርጉም፣ የትኛዋ ሴት እንዳልታየች የሚያውቁ እነርሱ ናቸው። በርታኛ፣ ጉሙዝኛ ወይም ሺናሽኛ ለምትናገር እናት በአማርኛ ብቻ የተለጠፈ ማስታወቂያ የእነርሱን ቃል አይተካም።

በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የተጀመረው ክትባት በ2017 ዓ.ም. ወደ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ሆኖ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት መስፋፋቱ ትልቅ እርምጃ ነው። እናቶቻቸውን ግን አያድንም፤ ለእነርሱ ያለው ምርመራው ነው።

ስለዚህ በቀበሌም ሆነ በሠራተኛ ማኅበር ስብሰባ ላይ ጥያቄያችን የተወሰነ ይሁን። በቅርባችን ያለው ጤና ጣቢያ ምርመራውን በሳምንት ስንት ቀን ይሰጣል? የሠለጠነችው ነርስ ስትዛወር ማን ተተካ? የማቀዝቀዣው መሣሪያ ጋዝ አለው ወይስ ሲሊንደሩ ባዶ ነው? የሙቀት መሣሪያው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነውና፣ ከጉባ የሚመነጨው ኃይል በጉባና በአካባቢው ላሉት ጤና ጣቢያዎች መቼ ደረሰ፣ ካልደረሰስ መቼ ይደርሳል?