ፊታችን የሙከራ ማሳ አይደለም!



ውድ የቆቦና የራያ ቆላ ወንድሞችና እህቶች! የዛሬው ርዕሳችን ብጉር ነው። "ስንት ጉዳይ እያለ ስለ ብጉር ትጽፋላችሁ?" የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛ ግን በፊቱ አፍሮ ፎቶ የሚሸሽ፣ ሰው በተሰበሰበበት ጥግ ይዞ የሚቀመጥ ወንድም አለን። ብጉሯን ለማጥፋት ብላ ጤነኛ ቆዳዋን ያጣች እህትም አለችን። ስለዚህ ዝም አንልም።

እስቲ ከማሳው እንጀምር። የራያ ገበሬ አቀንጭራ ማሽላውን ሲጨርስበት ስሙ ያልተጻፈበትን ኬሚካል ከመንገድ ዳር ገዝቶ ይረጫል? አይረጭም። የሚያውቅ ሰው ይጠይቃል። አዲስ የማሽላ ዘር እንኳ ሲመጣ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ቆቦ ላይ በሙከራ ማሳ ይፈትነዋል። ለማሽላ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ ለፊታችን ሲሆን ግን ጓደኛ ያለንን ሁሉ እንቀባለን። ይህ ምን ይባላል?

በመጀመሪያ ብጉር ምን እንደሆነ እንወቅ። በጉርምስና ጊዜ ሆርሞን ሲጨምር ከቆዳ ሥር ያሉት የቅባት ዕጢዎች ብዙ ቅባት ያመነጫሉ። ቅባቱ ከሞተ ቆዳ ጋር ተጣብቆ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። በተደፈነው ቦታ ባክቴሪያ ይራባል፣ ቆዳው ይቆጣል፣ ይቀላል፣ ይመግላል። በቃ፣ ብጉር ማለት ይህ ነው። "ደምህ ቆሽሿል" ማለት አይደለም። ፊትህን ስላልታጠብክ የመጣም አይደለም፤ በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ ሰውም ብጉር ይወጣበታል። "ማግባት አምሮት ነው፣ ሲያገባ ይጠፋለታል" እያላችሁ በወጣት ፊት ላይ የምትስቁ ታላላቆቻችን ደግሞ አላህን ፍሩ! ሰውን በፊቱ ማሸማቀቅ ምክር አይደለም። ልጁን ተደብቆ ክሬም እንዲገዛ የሚገፋው አንዱ ይኸው የእናንተ ሳቅ ነው።

አሁን ወደ ማጀቱ እንግባ። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ የጥርስ ሳሙና። ጤናማ ቆዳ በመጠኑ አሲዳማ ነው፤ የሎሚ ጭማቂ ግን ከሱ እጅግ የበለጠ አሲድ ነው። ከዚህ የባሰው ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ነው። ሎሚ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ከፀሐይ ብርሃን ጋር ሲገናኝ ቆዳን ያቃጥላል፣ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክትም ይተዋል። በቆቦ ፀሐይ! ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ላይ ታስሮ ሲያድር እንደ እሳት ይልጣል። ቤኪንግ ሶዳ ደግሞ የቆዳን መከላከያ ያዳክማል። ብጉሩ ያልፍ ነበር፤ ጠባሳውን ያመጣነው እኛው ነን።

ስለ ቅቤም አንድ ነገር እንበል። ራያ ለጸጉሩ ያለውን ፍቅር አንነካም፣ የአባቶቻችን ጌጥ ነው። ግን በቆላው ሙቀት ቅቤው ቀልጦ ግንባር ላይ ሲወርድ ቀዳዳ ይደፍናል። ብጉሩ ግንባርህ ላይ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ ቅቤውን ተጠራጠር። ቅቤህን ተቀባ፣ ግንባርህን ግን ጥረግ። እህቶችም ላብ የጠጣ ሒጃብና ኒቃብ ቆዳን ስለሚፈትግ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፣ እጠቡ።

ከሁሉ የከፋው ግን ማጀት ውስጥ አይደለም፤ ሱቅ ውስጥ ነው። "በሦስት ቀን ያጠራል" ተብላ የምትሸጠው ትንሿ ቱቦ! ብዙ ጊዜ ውስጧ ያለው ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚባል ስቴሮይድ ነው። ይህ መድኃኒት ለሌላ የቆዳ በሽታ፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ ለአጭር ጊዜ የሚታዘዝ ነው። ብጉር ላይ ሲቀባ ቁጣውን ስለሚያፍነው በቀናት ውስጥ ፊት የጠራ ይመስላል። ከመካከላችን አንዷ ለኒካሕዋ ሳምንት ሲቀራት ጀመረችው፤ ሁሉም "ማሻአላህ" አላት። ከወራት በኋላ ቆዳዋ ሳሳ፣ የደም ሥሮቿ ታዩ፣ ጉንጯ ላይ ጸጉር በቀለ። ስታቆመው ፊቷ እንደ ፍም ቀላ፣ ብጉሩም ብሶ ተመለሰ። እሱን ለማስታገስ እንደገና ተቀባችው። ወጥመዱ ይህ ነው። ከሚያነጡት ክሬሞች ውስጥ ሜርኩሪ ያለባቸውም አሉ፤ ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል።

ሱቅ ያለህ ወንድማችን ሆይ! ምን እንደሆነ የማታውቀውን ነገር በሙስሊም እህትህ ፊት ላይ እየሸጥክ ያገኘኸው ትርፍ በረካው የቱ ላይ ነው? ንግድ አማና ነው።

በዲን ስም የሚሸጡም አሉ። "የሱና ክሬም ነው፣ ጥቁር አዝሙድና ማር ነው" ይሉናል። እኛ በማርም በጥቁር አዝሙድም ያለውን ኸይር አንክድም፤ አላህ ይጠብቀን! ግን የትኛው፣ ለየትኛው ሕመም፣ በምን መጠን የሚለው ዕውቀት ይፈልጋል። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ የኒውዚላንድ ጥናት 136 ብጉር ያለባቸውን ሰዎች ይዞ ማርን ፈትኗል፤ ማር የጨመሩት ሰዎች በሳሙና ብቻ ከታጠቡት የተሻለ ውጤት አላገኙም። ይህ የማርን ክብር አይቀንስም፤ ማር የብጉር ቅባት አለመሆኑን ብቻ ይነግረናል። ከ1,000 ዓመት በፊት አር-ራዚ ፈንጣጣንና ኩፍኝን ለይቶ መጽሐፍ የጻፈው ከማከም በፊት መለየት ስለሚቀድም ነው። መታከም ደግሞ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያዘዙት ነገር ነው። ሰበቡን ሳያደርሱ መቀመጥ ተወኩል አይባልም።

ታዲያ ትክክለኛው ሕክምና ምንድን ነው? ፊትን በቀን ሁለት ጊዜ ለስላሳ በሆነ ሳሙና ማጠብ፤ ለሌላው ውዱእ ውኃው ይበቃል። ብጉርን አለመጭመቅ። ለቀላል ብጉር ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ አለ፤ 2.5 በመቶው እንደ 10 በመቶው ይሠራል፣ የሚያቃጥለው ግን ያነሰ ነው። ጨርቅ ስለሚያነጣ ጥቁር ሒጃባችሁን ጠብቁ። የተደፈነ ቀዳዳ የሚከፍት አዳፓሊን የሚባልም አለ፤ ከዒሻ በኋላ በስሱ ይቀባል፣ ለፈጅር ይታጠባል፣ ነፍሰ ጡር ግን አትጠቀመውም። ለከበደው ሐኪም እንደ ዶክሲሳይክሊን ያለ እንክብል ለተወሰኑ ወራት ሊያዝ ይችላል፤ ከጓደኛ ተካፍሎ የሚዋጥ ግን አይደለም። በጣም ለከፋው አይሶትሬቲኖይን አለ፤ ጽንስን ክፉኛ ስለሚጎዳ ያለ ሐኪም ክትትል የሚነካ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ትዕግሥት ያስፈልጋል! ትክክለኛው መድኃኒት ውጤቱን የሚያሳየው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በሦስት ቀን ያጠራል የሚላችሁን የምትጠረጥሩትም ለዚሁ ነው።

"ቆቦ ላይ የቆዳ ሐኪም የት አለና?" ትሉን ይሆናል። ልክ ናችሁ። ጦርነቱ የአካባቢያችንን ጤና ተቋማት እንዴት እንዳደረጋቸው እኛም አይተናል። ግን ለቀላል ብጉር የመጀመሪያው እርምጃ የቆዳ ስፔሻሊስት አይፈልግም፤ የጤና መኮንን ወይም የፋርማሲ ባለሙያ ይበቃል። እየጠለቀና ጠባሳ እየተወ ከሄደ ወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም በቆዳ ሕክምና የቆየ ስም አለው። ለወራት የማይድን ቁስል ፊትህ ላይ ካለ ደግሞ ብጉር ነው ብለህ አትቀመጥ፤ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚመጣው ቁንጭር ሊሆን ይችላልና ታይ።

ስለዚህ ዛሬ ማታ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። የምትቀቡትን ቱቦ አንሡና የተጻፈበትን አንብቡ። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ካያችሁ፣ ወይም ምንም ካልተጻፈበት፣ ይዛችሁት ወደ ጤና ባለሙያ ሂዱ። ለረጅም ጊዜ የተቀባችሁት ደግሞ አወራረዱን ባለሙያው ይምራችሁ። ታላላቆች ሆይ! ከመሳቃችሁ በፊት የመድኃኒቱን ዋጋ አግዙ። ፊታችን የአላህ ስጦታ ነው፤ ማንም ያልፈተነውን ነገር የሚሞክርበት ማሳ አናደርገውም!

አላህ ለሁላችንም ዓፊያውን ይስጠን። ለወንድምና እህቶቻችሁ አድርሱልን።